የክሪሽና ዓምዶች በቡድሃ ገዳም

ቻይና ሲባል ብዙዎቻችን ቡድሃን እንጂ ሺቫን ወይም ክሪሽናን አናስብም። ግን ችዋንጆ በምትባለው የደቡብ ምሥራቅ ቻይና የወደብ ከተማ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ።

ያመጣቸው ንግድ ነው። ከደቡብ ሕንድ በመርከብ የመጡ የታሚል ነጋዴዎች እዚያው ሰፍረው ለሺቫ ቤተ መቅደስ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1281፣ ሞንጎሉ ኩብላይ ካን ቻይናን ሲገዛ፣ በታሚልኛና በቻይንኛ ያስቀረጹት ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ።

በኋላ የሞንጎሎቹ አገዛዝ ወደቀ፤ የታሚሎቹ ሰፈርም ጠፋ፣ ቤተ መቅደሱም ፈረሰ። ድንጋዮቹስ? የከተማዋ ቡድሂስቶች ካይዩዋን የተባለውን ገዳማቸውን ሲያድሱ የተወሰኑትን ተጠቀሙባቸው። ዛሬ ከዋናው አዳራሽ ጀርባ ዞር ብትሉ የክሪሽና ታሪክ የተቀረጸባቸው ዓምዶች ቆመዋል። በአቅራቢያው ባለችው ቼዲየን መንደር ደግሞ ከሂንዱዎቹ የቀረች የምትባል የድንጋይ ምስል አለች። የመንደሩ ሰዎች ጓንዪን የሚሏት የቡድሂስቶች የምሕረት እናት ናት ብለው ዕጣን ያጨሱላታል።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፦ ባለቤቶቹ ከጠፉ በኋላ ቅርሱን ያቆየው የሌላ እምነት ሰው ነው። «የኛ አይደለም» ብለው ቢሰባብሩትስ ኖሮ፣ ዛሬ ይሄን ታሪክ ማን ያወራልን ነበር?