አጭር ቁርጥ ያምርብኝ ይሆን?

እህቶቼ፣ መቀሱ ሥር ከመቀመጣችሁ በፊት እስቲ የእኔን ጉድ ስሙልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። መቱ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት ሪላክሰሩን ሰዓቱን አሳልፈውብኝ የግንባሬና የማጅራቴ ፀጉር እየተሰባበረ ይረግፍ ጀመር። ሹሩባ እንዳልሠራ ሥሩን ይጎትተዋል። በፒያስትራ እንዳላስተኛው ደግሞ የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይወርዳል! ጠዋት ካስክ ውስጥ ተቀምጣችሁ የዋላችሁበት ገንዘብ ማታ ቤት ሳትደርሱ ታጥቦ ይሄዳል። በዚህ መሀል ጓደኛዬ የሃሊ ቤሪን የድሮ ፎቶ በስልኳ አሳየችኝና «ይሄ ቁርጥ እኮ ላንቺ ነው የተሠራው!» አለችኝ። ልቤ ቆመ።

ግን ፎቶ ያሳስታል። ያ ቁርጥ ለስልሶ የተኛ ፀጉር ነው። የእኛ ጥቅልል ፀጉር ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ እርጥብ እያለ ለክታ ያስቆረጠች ልጅ ሲደርቅ ታለቅሳለች። ስለዚህ ደርቆ፣ ሁልጊዜ እንደምትይዙት ሆኖ ይቆረጥ። አርአያ ካስፈለጋችሁ ሚርያም ማኬባን እዩ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው እሷ ናት፤ በአጭር የተፈጥሮ ፀጉሯ ነው ዓለም የሚያውቃት።

ሌላም አለ። በእንግሊዛዊው ፀጉር ሠሪ በጆን ፍሪዳ ስም የሚታወቅ መለኪያ ነው። እርሳስ አገጫችሁ ሥር ታጋድማላችሁ፣ ማስመሪያ ከጆሯችሁ ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ታወርዳላችሁ። የሚገናኙበት ቁጥር ከ5.7 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አጭር ያምርባችኋል፣ ከበለጠ ይቅርባችሁ ይላል። የእኔ 6 ሆነና አንድ ቀን ሙሉ ተኮራረፍን፣ እኔና ማስመሪያው!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማስመሪያው ይልቅ የጠቀመኝ ሻሽ ነው። ፀጉሬን ጥብቅ አድርጌ ወደ ኋላ አሰርኩና በሁለት መስታወት ጎኔንና ማጅራቴን አየሁ። ጆሮዬ፣ አንገቴ፣ የራሴ ቅርጽ... ሌላ የሚደብቀው የለም ማለት ነው። ያየሁትን ወደድኩት። ቅዳሜ ተቆረጥኩ።

እሑድ አያቴን ልጠይቅ ጎሬ ሄድኩ፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዝናብ ስለነበር ነጠላ ተከናንቤያለሁ። ቤት ገብቼ ሳወርደው አያቴ የምትቆላውን ቡና ትታ ብድግ አለች።

«ማን ነው? ልጄ ነው? ልጄን ምን አገኘብኝ!»

አባቴን ማለቷ ነው። እኔ «ኧረ ማንም አልሞተም፣ ፋሽን ነው!» እላለሁ፣ ማን ይስማኝ? ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤት ነጠላ እያዘቀዘቁ ግቢውን ሞሉት። በደሌ ያለው አባቴ ጋ ደውለን ድምፁን እስክትሰማ ድረስ እጇ መንቀጥቀጡን አላቆመም።

በብዙ የአገራችን አካባቢ ሴት ፀጉሯን የምትቆረጠው ለሐዘን እንደነበር አጥቼው አይደለም። አያቴ ራሷ አያቴ ሲሞቱ ተላጭታ አይቻታለሁ። ግን መስታወት ፊት ስቆም ያሰብኩት ስለ ጆሮዬና ስለ አንገቴ ብቻ ነው። እናንተ ከቆረጣችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ በተለይ ገጠር ላሉትና ለታመሙት።

የሚጸጸት ደግሞ ይወቀው፤ ፀጉር በወር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው የሚያድገው። ትከሻ ለመድረስ ዓመት አይበቃም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ብትቆረጡ የምለው፤ ማሳጠር ሁልጊዜ ይቻላል።

እኔ አሁንም በየአምስት ሳምንቱ እስተካከላለሁ። ጎሬ ልመጣ ነው ብዬ በደወልኩ ቁጥር ግን አያቴ ከሰላምታው በፊት «ሁሉም ደህና ናቸው? ፀጉርሽስ አደገ?» ትለኛለች።