«ረባሾች» ብሎ ሰሌዳ ላይ ስም መጻፍ ይጠቅማል ወይ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ክፍል ውስጥ ቅጣትና ሽልማት ነው።

መምህር ሲወጡ የክፍል አለቃ ጠመኔ ያነሳና ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብሎ ስም ይደረድራል። ይሄን የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔም አራተኛ ክፍል እያለሁ አለቃ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና የጓደኞቼን ስም አልጽፍም ነበር፤ ቆሎ የሰጠኝንም አጠፋለት ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ እርሳስ ሊዋስ ዞር ቢል ጻፍኩት። መምህሩም ምን እንዳጠፋ ሳይጠይቁ አንበረከኩት። ልጁ ታዲያ አረፈ? አላረፈም፤ «ካልቀረልኝማ!» ብሎ የእውነት መረበሽ ጀመረ።

ቅጣት የሚሠራው ልጁ ጥፋቱን ሲያውቅና ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ሲገናኝ ነው። ወረቀት የጣለ ያንሳ፣ ዴስክ ላይ የጻፈ ይጠብ። ያረፈደውን ግን በር ዘግተን ብናስቀረው የሚቀርበት ትምህርቱ ነው። በተለይ ከከተማ ወጣ ሲል፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል፣ ጠዋት ውኃ ቀድቶ ወይም ከብት አሰማርቶ ሩቅ መንገድ በእግሩ የሚመጣ ልጅ አለ። በር መዝጋት መንገዱን አያሳጥርለትም። ይልቅ ያመለጠውን ማስታወሻ በእረፍት ሰዓት ቢገለብጥ ይሻላል።

ዱላስ? ዱላማ ክልክል ነው። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። እኔ እንደሚመስለኝ ኩርኩምና ጠጠር ላይ ማንበርከክም ከዱላ አይለዩም።

አሁን ወደ ሽልማት እንምጣ። እኛ ጋ ሽልማት ማለት ሰኔ ላይ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለወጡት ደብተርና እስክሪብቶ መስጠት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን 60 ልጅ ባለበት ክፍል 57ቱ ምን ይሁኑ? የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ የማይጠፋበት ቢሆንም አንድ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግስለት ነበር። ማንም ማንንም መቅደም የለበትም፤ የራሱን መጨረስ ብቻ ነው።

ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ አይጥ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ሞከረ። አይጧ በአጋጣሚ ዘንጓን ስትጫን ወዲያው ምግብ ወረደላት፤ ከዚያ ደጋግማ ትጫን ጀመር። ቁልፉ «ወዲያው» የሚለው ነው። እኛ አይጥ አይደለንም፤ ግን ሰኔ ለእኛም ሩቅ ነው! ሁልጊዜ የሚረብሽ ልጅ አንድ ቀን ጸጥ ብሎ ሲሠራ መምህሩ ያኔውኑ «ጎበዝ፣ ዛሬ ሥራህን ጨረስክ» ቢሉት ወጪ የለውም።

አለቆችም ስም ስትጽፉ ከጎኑ ያደረገውን ጻፉ። ሌላው የሰሌዳ ግማሽ ላይ ደግሞ ክፍል የጠረገውን፣ ለጓደኛው ሂሳብ ያስረዳችውን ጻፉ። አለቃ በየሳምንቱ ቢቀያየር ደግሞ የቆሎው ነገር ይቀራል። አስተያየት ያላችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡን።