በውጭ አገር ለሚማር ልጃችን ማን ይመስክርለት?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሊፈጽም የተቃረበ ልጅ ለዶክትሬት ትምህርት ሲያመለክት፤ ከውጤቱ ጋራ አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ሰዎች የምስክርነት ደብዳቤ ይጠየቃል። ወላጅም በበጎ ሐሳብ ተነሣሥቶ ከባለሥልጣን ወይም ከስመ ጥር ዘመድ ደብዳቤ ለማግኘት ይደክማል። ድካሙ የሚያስመሰግን ቢሆንም ለልጁ እምብዛም አይረባውም። ማመልከቻውን የሚመረምሩት መምህራን የሚሹት የጸሐፊውን ማዕረግ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ከባድ ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ እንዴት እንዳሰበ፤ ስሕተቱ በተነገረውም ጊዜ እንዴት እንዳረመ በዓይኑ ያየ ሰው ቃል ነው። «ትጉህና ጨዋ ነው» ብቻ የሚል ደብዳቤ፤ ፈራሚው የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፤ ልጁን በቅርብ እንደማያውቀው ያስታውቅበታል።

ዳሩ ግን የሚያውቀውን ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ አዳራሽ በመቶ ለሚቈጠሩ ተማሪዎች ይሰጣል፤ ፕሮፌሰሩም ሁሉን በስም ሊያውቅ አይችልም። ጽሑፋቸውን የሚያርመው፤ በትንንሽ ክፍል ሰብስቦ የሚያወያያቸው ረዳት አስተማሪው ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ገና ለዶክትሬት የሚማር ወጣት ነው። እንግዲህ ልጁን የሚያውቀው ገና ስም የለውም፤ ስም ያለውም ልጁን አያውቀውም። የሚበጀው፤ ረዳቱ ያየውን በዝርዝር እንዲጽፍና ፕሮፌሰሩ መርምሮ አብሮ እንዲፈርም ሁለቱንም በትሕትና መለመን ነው፤ በዚያ አገር እንዲህ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትውውቁን አስቀድሞ መጀመር ነው። መምህራኑ በየሳምንቱ ተማሪ በቢሮአቸው የሚቀበሉበት የታወቀ ሰዓት አላቸው። በእኛ ቤት ያደገ ልጅ ግን ታላቅ ሰውን ማስቸገር ነውር ነው እየተባለ ስላደገ፤ በዚያ ሰዓት ደጃፉን አልፎ ይሄዳል። ይሉኝታውን ያስተማርነው እኛው ነንና ወቀሳው በእርሱ ላይ ብቻ ሊሆን አይገባም። በስልክ ስናነጋግረው «ገብተህ ጠይቅ፤ እዚያ እንደ ድፍረት አይቈጠርም» ብንለው፤ ከምንልክለት ገንዘብ ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል።

የመለመኛው ጊዜ ሲደርስ፤ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን፤ ይኸውም በብዙ ቦታ በዲሴምበር ወር ነው፤ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይጠይቅ። አጠያየቁም «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ከሚል ይልቅ «ጠንካራ ምስክርነት ለመጻፍ በሚበቃ ያውቁኛልን?» ቢሆን ይሻላል። መምህሩ ያመነታ እንደ ሆነ ልጁ አመስግኖ ወደ ሌላ ይሂድ፤ የቀዘቀዘ ደብዳቤ ከእምቢታ የከፋ ጉዳት አለውና። እሺ ያለው እንደ ሆነ ግን የውጤቱን ዝርዝር፤ መምህሩ ራሱ ያረመውን ጽሑፍ፤ የሚያመለክትበትን ትምህርትና የመጨረሻውን ቀን በአንድነት ይስጠው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጁን ሊያስጨንቀው ይችላል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ተማሪ ስለ ራሱ የተያዘውን መዝገብ እንዲያይ መብት ሰጥቶታል፤ የማመልከቻው ቅጽ ግን የምስክሮቹን ደብዳቤ የማየት መብቱን ይተው እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። አማካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲተው ይመክሩታል፤ በምስጢር የተጻፈ ቃል ይበልጥ ይታመናልና። «የተጻፈብኝን ሳላይ እንዴት እፈርማለሁ?» ብሎ ቢደውልልን፤ ጸሐፊዎቹን ምን ያህል እንደሚያውቃቸው እንጠይቀው።

መልሱም በመጣ ጊዜ፤ ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም፤ ለጻፉለት ሁሉ ፈጥኖ ይንገራቸው፤ ረዳት አስተማሪውንም አይርሳ።