የልጆቻችን ብስክሌት ፓራፋንጎ የት ሄደ?

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ግቡና የተደረደረውን ተመልከቱ። ቀለሙ ያምራል፤ ማርሹ ብዙ ነው፤ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው። በአብዛኛው ላይ ግን ፓራፋንጎ አታገኙም። ሻጩን ብትጠይቁት “ይኼ እኮ ማውንቴን ነው” ይላችኋል፣ ጥያቄያችሁ የድሮ ሰው ጥያቄ እንደሆነ በሚያሳብቅ ፈገግታ።

እውነቱን ነው፤ የድሮ ሰው ነኝ። በአስተማሪነት ዘመኔ የነዳሁት ጥቁር ባለ 28 ብስክሌት ከፊትም ከኋላም ጎማውን የሚሸፍን የብረት ፓራፋንጎ ነበረው። የካቴና ሽፋን፣ በጎማው የሚሽከረከር ዲናሞና የዕቃ መጫኛም አብረውት ነው የመጡት። ማናችንም ይህን “ተጨማሪ ዕቃ” ብለን አናውቅም። በሐምሌ ዝናብ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ስብሰባ ሄጄ፣ ነጭ ሸሚዝ እንደለበስኩ እመለስ ነበር።

ማውንቴን የሚባለው ብስክሌት የተሠራው ለዳገትና ለጫካ መንገድ ነው። እዚያ ጭቃው ከጎማና ከፓራፋንጎ መካከል እየገባ ስለሚያጣብቅ፣ ክብደትም ስለሚጨምር፣ ፓራፋንጎ አለማድረጉ ምክንያት አለው። ችግሩ የመጣው ያው መልክ ፋሽን ሆኖ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ለሚነዳ የተማሪ ብስክሌት ሲተርፍ ነው። ብዙ ልጆች በዝናብም ሆነ በብርድ በብስክሌት ትምህርት ቤት በሚሄዱባት በኔዘርላንድስ፣ ለዕለት ሥራ የሚሸጠው ብስክሌት ፓራፋንጎና የካቴና ሽፋን ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙውም ቀሚስና ካፖርት ኋላ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል የጎን መጋረጃ አለው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። አምና የ8ኛ ክፍል ፈተናዋ በቀረበበት በሰኔ መጀመሪያ ላይ ብስክሌቷን ትታ የባጃጅ ገንዘብ መጠየቅ ጀመረች። ገንዘብ ባልተገኘ ቀን 40 ደቂቃ በእግሯ ትሄዳለች። አባቷ “ሰለቻት፤ ካልነዳችው ለምን አልሸጠውም?” ማለት ጀምሮ ነበር። ልጅቱ ለማንም ምንም አልተናገረችም። በመጨረሻ ነገሩን ያወጣጣችው እናቷ ናት።

ፓራፋንጎ የሌለው የኋላ ጎማ ከመንገድ ያነሳውን ውኃ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ውኃው ከወገብ እስከ ትከሻ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ያሰምራል፤ የባሰው ግን ከኮርቻው ሥር፣ ከመቀመጫ ላይ ያርፋል። ለ14 ዓመት ልጅ ከዩኒፎርም ቀሚሷ ኋላ ላይ የሚታይ ቡናማ እድፍ የጭቃ ነገር ብቻ እንዳልሆነ እናቶች ሳልነግራችሁ ይገባችኋል። ወንዶቹ ስቀውባታል። እሷ ደግሞ ለአባቷና ለአያቷ የምትናገረው ነገር አልመሰላትም። ስለዚህ ብስክሌቱን መተው ቀለላት።

እኛ ከተማ ላይ ይህ የጥቂት ቀን ጉዳይ አይደለም። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ትምህርት ቤት በክረምት ቢዘጋም የፈተናው ሰኔና የምዝገባው መስከረም ከነዝናባቸው የተማሪ ናቸው። ዝናቡ ካባራ በኋላም የኮብልስቶኑ ጉድጓድ ውኃ ይዞ ይቆያል፤ ጎማ የሚረጨውም ይህንኑ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር። ዝናብ ልብስ ከላይ ለሚመጣው ነው እንጂ ከታች ለሚመጣው አይረዳም።

ከታች የሚመጣው ደግሞ ንጹሕ የሰማይ ውኃ አይደለም። የሞላ ቦይ፣ የአህያና የከብት ፋንድያ፣ የመኪና ዘይት ያለበት ነው። የፊት ጎማ ይህንን ወደ እግርና ጫማ ይረጨዋል፤ ፍጥነት ሲጨምርና ነፋስ ሲያጋጥም ወደ ፊትም ይደርሳል። ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን ወይም በአንድ እጁ ሲጠርግ አጠገቡ ባጃጅ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች የውኃ መያዣ ሃይላንዳቸውን የሚሰኩት ከፊት ጎማ በስተኋላ ባለው ዘንግ ላይ መሆኑንም አስቡት፤ አፉ የሚቀባው ያ ውኃ ነው።

ከልብስ ቀጥሎ ኪስ የሚነካው ካቴናው ነው። የፊት ጎማ የሚወረውረው ውኃና አሸዋ ፔዳሉ አካባቢ ያርፋል። አሸዋ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ይሆንና ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላል። ስለዚህ የኋላውን ብቻ ገዝታችሁ “በቃ” አትበሉ፤ ለብስክሌቱ ዕድሜ የሚጠቅመው የፊተኛው ነው።

ሰፈራችን ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ለልጅ ልጄ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ገጠመላት። ለሁለቱ የከፈልኩት ከአንድ ዩኒፎርም ማሰፊያ ያነሰ ነው። ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የብስክሌቱን የፊትና የኋላ ጎማ መሐል ብረት ከሚታሰርበት አጠገብ ትንንሽ የብሎን ቀዳዳዎች እንዳሉ እዩ። ካሉ፣ በቀጭን ብረቶች የሚደገፈውን ረጅሙን ዓይነት መግጠም ይቻላል። ከሌሉ፣ ከኮርቻው ሥር ካለው ዘንግ ላይ የሚቆለፈው አጭሩ የፕላስቲክ ዓይነት አለ፤ ጀርባን ያድናል፤ ለካቴናና ለእግር ግን እምብዛም ነው። ስፋቱ ከጎማው በሁለቱም በኩል ትንሽ መትረፍ አለበት። ጎማው 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ 60 የሚሆን ፈልጉ። የፊተኛው በተቻለ መጠን ወደ መሬት ዝቅ ይበል፤ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ መዳፍ የሚያህል ጎማ ማንጠልጠል እግርን በደንብ ያድናል። የኋላው ላይ ያንኑ ብታደርጉ ከኋላ የሚከተለው ልጅ ያመሰግናችኋል፤ እሑድ ማለዳ ነጠላቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን በቸልታ አይታለፍ። የላላ የፊት ፓራፋንጎ ከሌለው የከፋ ነው። ጭራሮ ወይም ሽቦ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቢገባ፣ ፓራፋንጎው ተጣጥፎ ጎማውን በድንገት ሊይዘውና ልጁን በመሪው ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ክፍተት ይኑር፤ ብሎኖቹን በየወሩ አጥብቁ። ሲነዳ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ዛሬውኑ ይታይ። ቤታችሁ የዋልካ አፈር ሰፈር ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ከዚያም ሰፋ ይበል፤ ዋልካ እየተጠቀለለ ይሞላና ጎማው አልዞር ይላል። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ወርዶ መግፋት፣ በእንጨት ጠርጎ መቀጠል ነው። ፓራፋንጎው አላፊነቱን ይወጣል እንጂ ተአምር አይሠራም።

“ብስክሌቱን አስረጀኸው” የሚለው የልጆች ቅሬታ አይቀርም። የልጅ ልጄም ለአንድ ሳምንት አኩርፋ ነበር፤ ጥቁር ሳይሆን ቀይ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር አለች። ቀለም የሷ ምርጫ ሊሆን ይገባ እንደነበር እናቷም አስባለች፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሰኔን ግን ሙሉውን በብስክሌቷ ተመላለሰች፤ አባቷም የመሸጡን ወሬ አላነሳም።

አሁን የቀረኝ የትንሹ ወንድሟ ብስክሌት ነው። ባለ 20 ነው፤ በልኩ ፓራፋንጎ ሱቅ ውስጥ አላገኘሁም። ጠጋኙ “ቢጫ የዘይት ጀሪካን አምጣልኝ፣ ጎኑን ቆርጬ በሽቦ አስርልሃለሁ” ብሎኛል። ሌሎች ልጆች ላይ ሠርቶት አይቻለሁ፤ ጠርዙ በሳት ለስልሶ እጅ እንዳይቆርጥ ከሆነ ክረምቱን ይከርማል። ባለቤቴ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት ካላለቀ አልሰጥም ስላለች እየጠበቅን ነው።