ያውቁ ኖሯል? ክራፒ በጸደይ ከዛፍ ሥር ይጠመዳል

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የሚገኘው ሪልፉት ሐይቅ የምድር መንቀጥቀጥ ውጤት ነው። በ1811 እና 1812 እ.ኤ.አ. አካባቢውን ደጋግሞ የናጠው መንቀጥቀጥ መሬቱን አሰመጠው፤ ውሃም ሞላበት። ዛሬም ሳይፕረስ የተባሉት ዛፎች ግንዳቸው ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ቆመው ይታያሉ። የፈረንጅ ጽድ የምንለው ዛፍ ዘመድ ናቸው፤ ልዩነቱ፣ እነዚህ በብርዱ ወራት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ።

ጸደይ ገብቶ የውሃው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ክራፒ የሚባለው ዓሣ እንቁላል ለመጣል ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ዛፎቹ ሥር ይጠጋል። ጎጆውን የሚያዘጋጀው ወንዱ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ስትሄድም ዘብ የሚቆመው እሱው ነው።

አጥማጆች ታዲያ ጀልባቸውን ድምፅ ሳያሰሙ አስጠግተው፣ ትንሽ ዓሣ የተሰካበትን መንጠቆ በረጅም ዘንግ ግንዱን አስታክከው ያወርዳሉ። አንዱ ዛፍ ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ነው። ዓሣው ሲነክስ ግን መመንጨቅ አያዋጣም፤ የክራፒ አፍ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ተቀድዶ ዓሣው ያመልጣል። ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ እዚያ አገር በበቆሎ ዱቄት ለውሰው ይጠብሱታል።