ከጥሎሹ ሻንጣ ውስጥ ሚዶ አለ?

ውድ እጮኛሞች፣ የሠርጋችሁ ቀን ተቆርጦ የጥሎሹ ዝርዝር እየተጻፈ ከሆነ እስቲ ብዕሩን ለአፍታ አስቀምጡት። ቀሚሱ፣ ጫማው፣ የአንገት ወርቁ፣ በእልልታ መካከል አንድ በአንድ እየተነሣ የሚታየው ሁሉ ተጽፏል። ሚዶስ?

የፕላስቲኩን አላልኩም። ከአንድ እንጨት የተፈለፈለውን፣ ጥርሱ ረዘምና ራቅ ራቅ ያለውን ነው።

በጋና፣ በአካን ሕዝብ ዘንድ፣ ወንድ ለሚወዳት ሴት፣ ባልም ለሚስቱ የተቀረጸ የእንጨት ሚዶ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ስሙ ዱዋፌ ይባላል። አዲንክራ በተባለው፣ ምልክት በሚታተምበት ጨርቃቸው ላይም የሚዶ ቅርጽ አለ፤ የሴትን ትዕግሥትና አሳቢነት ያመለክታል።

በእኛ አገር ሚዶ የወንድም ጌጥ ነው፤ በፈንታሌ አካባቢ የከረዩ ጎልማሶች ጎፈሬያቸው ላይ ይሰኩታል። በጎጃምና በጎንደር ደግሞ ፀጉር ራሱ ስለ ትዳር ይናገር ነበር። ያላገባች ልጃገረድ ሳዱላ ነበረች፤ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል። ስትዳር ፀጉሯ ሙሉ ሆኖ እንዲያድግ ይተዋል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለችው ሙሽራ ሚዶ የአዲሱ ኑሮዋ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ሐዋርያው ጴጥሮስ ሹሩባውንና ወርቁን ያነሣቸው በአንድ ቁጥር ነው (1ኛ ጴጥ. 3፥3)። ስለ ሹሩባው ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ በጥሎሽ ሻንጣ ስላለው ወርቅ ግን እምብዛም። ሙሽራው ወርቁን ተበድሮ ከገዛው፣ ከጫጉላው በኋላ ዕዳውን የምትከፍለው እርሷም ናት። ይህን ሳትነጋገሩ ሻንጣ አትሙሉ።

ወንድሜ ሆይ፣ ባሕር ዳር ካለህ፣ በጣና ዳር ፎቶ ከምትነሡበት ቀን ቀደም ብለህ እንጨት ሠሪ ዘንድ ሂድ። ዋንዛ ለሣጥንና ለወንበር ጥሩ ነው፤ ለቀጭን ጥርስ ግን ጠንካራው ወይራ ይሻላል። ጥርሱ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይቆረጥ፤ ጭረቱን አቋርጦ ከተቆረጠ በመጀመሪያው ቋጠሮ ይሰበራል። ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍ፤ ቅባት ግን ይስማማዋል። ሳትሰጣት በፊት በራስህ ፀጉር ላይ ሞክረው፤ የሚይዝ ጥርስ ካለ መልሰህ አስልሰው።