የይፋት ፈትል

የይፋት ፈትል በሰሜን ሸዋ ቆላማ ክፍል፣ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ከጥጥ በእጅ የሚፈተል ክር ነው። «ፈትል» የሚለው ቃል ሥራውንም ክሩንም ይጠራል፤ ከዚህ ክር የተሠራ ልብስም በአጭሩ «ፈትል» ይባላል። አፈታተሉ ከሌላው የአማራ አካባቢ ብዙ አይለይም። ይፋትን የሚለየው መልክዓ ምድሩ ነው፤ የጥጥ ቆላና የሱፍ ደጋ እዚህ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ቆላና ደጋ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበስተ ምዕራቧ የመንዝ አምባ ወደ 3,000 ሜትር ይወጣል፤ ከበስተ ምሥራቋ ደግሞ አገሩ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ጥጥ ሙቀት ስለሚፈልግ መንዝ ላይ አይበቅልም። የቆላው በግ ደግሞ ሱፍ አይሰጥም፤ ጠጉሩ አጭር ነው። ስለዚህ የሁለቱ አገር ሰዎች ለብርድና ለሙቀት የሚሆናቸውን ክር ከየራሳቸው ምድር አግኝተው፣ የጎደላቸውን ከጎረቤት ገበያ ሲለዋወጡ ኖረዋል።

መንዝ በበግ ሱፍ ይታወቃል። ከሱፉ ባናና ዝተት ይሠራል፤ ጥቁሩ የመንዝ በርኖስ ደግሞ ከአካባቢው አልፎ ስም ያወጣ ነው። ይሁንና መንዜውም ቢሆን ለክት ልብሱ ነጭ የጥጥ ሸማ ይሻል። ጥጡ የሚመጣው ከቆላ ነው።

የክር ወቅት

በዝናብ የሚለማ ጥጥ ብዙውን ጊዜ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቀማል። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይፈነዳ ለቀማው ሁለትና ሦስት ዙር ይወስዳል። ጥጡ ሲፈነዳ ዝናብ ከመታው ይቆሽሻል፤ የበጋው ድርቅ ለጥጥ ገበሬ ጸጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የክሩ ዓይነት በሚሠራው ልብስ ይወሰናል። ለብርድ የሚሆኑት ጋቢና ቡሉኮ ወፈር ያለ ክር ይፈልጋሉ፤ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ክሩም ብዙ ነው። ለበዓል የሚለበሰው ነጠላ ቀጭንና እኩል የሆነ ክር ይሻል። (ነጠላ ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድርብ ነው።) ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ አዲስ ልብስ ያሰበ ቤት ፈትሉን ከወራት በፊት መጀመር አለበት፤ በዓሉ ሲቃረብ ሸማኔው ትእዛዝ ይበዛበታልና።

ከጥጥ እስከ ልቃቂት

መጀመሪያ ጥጡ ይዳመጣል። ጥጡ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ ቀጭን የብረት ዘንግ ሲገፋበት ፍሬው እየተስፈነጠረ ይወጣል። ፍሬ ካለው ጥጥ የሚተርፈው ንጹሕ ጥጥ በክብደት ከሲሶው ብዙም አይበልጥም፤ ሦስት ኪሎ ተዳምጦ አንድ ኪሎ ገደማ ቢገኝ ነው። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡ ውስጥ ሲነዝር የተጣበቀው ጭረት ይላቀቃል፣ ቆሻሻውም ይረግፋል። የተነደፈውና ለመፍተል የተዘጋጀው ጥጥ ባዘቶ ይባላል።

ፈታይዋ በግራ እጇ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን በጭኗ ላይ ታሽከረክረዋለች። እንዝርት ክብ ማመዛዘኛ ያለው ቀጭን ዘንግ ነው፤ ማመዛዘኛው ሽክርክሪቱ ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል። እንዝርቱ በሚዞርበት አፍታ ባዘቶውን እየሳበች ታቀጥነዋለች፣ የተገመደውንም ክር በዘንጉ ላይ ትጠመጥማለች። ክሩ ሲሞላ ልቃቂት ሆኖ ይወጣል። በጣም ከተሳበ ይበጠሳል፣ ካነሰም ይጎረብጣል። የእኩልነቱ ጉዳይ ሁሉ በጣቶቿ ላይ ነው።

እንዝርት ከቤት ቤት የሚያዝ መሣሪያ በመሆኑ ፈትል የጎረቤት ሥራም ነው። ሴቶች ቡና እስኪፈላ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር ተሰብስበው እየተጨዋወቱ ይፈትላሉ። ልጃገረዶች አብረው ተቀምጠው ይማሩታል። እያንዳንዷ የራሷን ልቃቂት ይዛ ትመለሳለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለገበያ የሚወጣው ልቃቂት ሴቲቱ ከእርሻው ገቢ ለይታ የምትይዘው ገንዘብ ሊሆን ይችላልና።

ሸማኔውና ገበያው

በተለምዶ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ልብስ የምታሠራው ሴት የራሷን ክር ለሸማኔው ሰጥታ የእጁን ዋጋ ትከፍላለች። በይፋት በሽመናና በንግድ በተለይ የሚታወቁት አርጎባዎች ናቸው። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የደጋውና የባሕር ጠረፉ ነጋዴ የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ባለችው በሰንበቴ ደግሞ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር በእሑድ ገበያ ይገናኛሉ።

ሸማኔ ግን ሁሉን እያለበሰ ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ከልክለዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል።

የፋብሪካ ክር

ለአንድ ሸማኔ የሚበቃ ክር ለማቅረብ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጋሉ። ይህ እጥረት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገርም ጀምስ ሃርግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚፈትል መሣሪያ የሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ የድሬዳዋ፣ የባሕር ዳር፣ በኋላም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለይፋት የሚቀርበው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁመዋል።

የፋብሪካ ክር መጀመሪያ የያዘው የድርን ቦታ ነው። ድር በሽመናው ላይ ተወጥሮ የሚቆምና ያለማቋረጥ የሚፋተግ ስለሆነ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ማግ ግን በመወርወሪያ ውስጥ በቀሰም ተጠቅልሎ በድሩ መካከል የሚያልፍ ስለሆነ ያን ያህል አይወጠርም። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ሸማኔ ዘንድ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ድርና ማጉ ፈትል የሆነ ልብስ ዋጋው ይወደዳል። የእጅ ክር ግምዱ ላላ ስለሚል አየር ይይዛል፣ ላብም ይመጥጣል። ጋቢ ለባሾች «ፈትሉ ይሞቃል» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለእጅ ፈትል ከፋብሪካው በተጨማሪ ሌላ ተፎካካሪ አለው፤ እሱም መሬት ነው። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በቀይ ሽንኩርትና በማሾ ነው። ሁለቱም ቶሎ ደርሰው ገንዘብ ስለሚያመጡ ወራት ከሚያስጠብቀው ጥጥ ጋር ለአንድ ማሳ ይሻማሉ። ጥጥ ካልዘራ ቤት የምትፈትል ሴት ባዘቶውን በገንዘብ መግዛት አለባት፤ የጥጡ ዋጋ ሲጨምር ከልቃቂቱ የሚተርፋት የእጇ ዋጋ ይቀንሳል።

ሹራብና ኪሮሽ

በከተሞች ሴቶች በኪሮሽ ዳንቴል፣ በሁለት መርፌ ደግሞ ሹራብ ይሠራሉ፤ የሚጠቀሙበትም በሱቅ የሚሸጥ ባለቀለም ክር ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሹራብ ብዙም አያስፈልግም። ዳንቴሉ ግን ለጠረጴዛና ለሶፋ ልብስ ይሆናል፤ እንደ ፈትሉም ቡና ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነው።